ግላይደር ከመከራየታችሁ በፊት ኤክሰሱን ጠይቁ

ጉራ አይሁንብኝና በዚህ ክረምት በራሴ ስም ግላይደር ተከራይቼ በረርኩ። ከኋላዬ አስተማሪ የለም። "ፍጥነትህን ጠብቅ!" የሚል ድምፅ የለም። ባህር ዳር ላይ ስለ ሞተር አልባ አውሮፕላን የምናወራ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነንና ወሬውን ለእናንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ስለ በረራው ግን ሌላ ጊዜ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢንሹራንሱ ነው። አትሳቁ፤ ከቲዎሪ ፈተናው በላይ ያደከመኝ እሱ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ሲሙሌተር፣ ከዚያ ንባብ፣ ከዚያ ጀርመን እህቴ ዘንድ ሄዶ ክለብ መግባት። የእኛ ክረምት የእነሱ የበረራ ወቅት መሆኑ ጠቅሞኛል። ስለ ሲሙሌተር አንድ ነገር ልበል፦ ኮንዶር በሚባለው የግላይደር ሲሙሌተር ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምታድሩ ልጆች አሪፍ እየሠራችሁ ነው፣ ግን ማረፍን ከእሱ ተማርን አትበሉ። መሬቱ ወደ እናንተ ሲመጣ ወንበራችሁ ካልነገራችሁ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ተርማልን፣ ማለትም ከሞቀ መሬት ወደ ላይ የሚወጣውንና ግላይደርን የሚያነሳውን አየር በተመለከተ ደግሞ እኔን ያስተማረኝ የቤዛዊት ኮረብታ ነው። ረፋድ ላይ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብላችሁ ጥምብ አንሳዎቹ ክንፋቸውን አንዴ እንኳ ሳያርገበግቡ እየዞሩ ሲወጡ እዩ። ሐይቁ ዳር ብትቆሙ ግን ብዙ አታዩም። ውሃው ቶሎ ስለማይሞቅ ቀን ላይ ከጣና ወደ የብሱ የሚነፍሰው ቀዝቀዝ ያለ አየር ዳርቻውን ጸጥ ያደርገዋል። ትንሽ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ደረቅ የታረሰ መሬት ላይ ፈልጉት።

ወደ ኢንሹራንሱ ልመለስ። ኪራይ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያ መልስ "አውሮፕላኑ ኢንሹራንስ አለው" የሚል ነው። እውነት ነው፣ አለው። ጥያቄው ማንን ነው የሚሸፍነው? ለምኑስ?

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 785/2004 መሠረት ግላይደርም ቢሆን የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው። መጠኑ በክብደት ይወሰናል። ከፍተኛው የመነሻ ክብደት ከ500 ኪሎ በታች ከሆነ ቢያንስ 750,000 ኤስዲአር፣ ከዚያ በላይ ሆኖ ከ1,000 ኪሎ በታች ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ኤስዲአር። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከአንድ ዶላር ይበልጣል። ስለዚህ ባለ አንድ መቀመጫዋ ካ 8 በ310 ኪሎዋ ታችኛው ክፍል ውስጥ ትገባለች፣ ብዙዎቻችሁ የምትማሩበት ባለ ሁለት መቀመጫው ኤኤስኬ 21 ደግሞ 600 ኪሎ ስለሆነ ላይኛው ውስጥ ይወድቃል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ልብ ያሞቃል። ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ የሰው ጣሪያ ላይ ብትወርዱ ለጣሪያው ነው። ለተከራያችሁት ግላይደር ሰባራ ሳንቲም አይከፍልም።

ግላይደሩን የሚሸፍነው ሌላ ፖሊሲ ነው፤ እዚያ ካስኮ ይሉታል። ሕግ አያስገድደውም። ባለቤቱ ከፈለገ ይገባል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። አንዳንድ አሮጌ ግላይደር ዓረቦኑ ከዋጋው ጋር ስለማይመጣጠን ጭራሽ ካስኮ የለውም። ያን ጊዜ ጉዳት ከደረሰ የሚያናግራችሁ ውላችሁ ብቻ ነው። ካስኮ ካለውም ኤክሰስ አለ፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ መድን ሰጪው የማይከፍለው የመጀመሪያው ድርሻ ማለት ነው። በብዙ ክለብ ውል ላይ ያንን የሚከፍለው ያበረረው ሰው ነው። የእኛ ክለብ ኤክሰስ 2,000 ዩሮ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ለባህር ዳር ደመወዝተኛ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስሉት።

ኤክሰሱን ከፍሎ መገላገልም ሁልጊዜ የለም። በቀን ገቢ ባጃጅ የሚያሽከረክር ልጅ ይህ ነገር ከሁላችንም በላይ ይገባዋል። ፖሊሲው በባለንብረቱ ስም ነው፣ ካሳውም የሚሄደው ለባለንብረቱ ነው፣ ልጁ መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል። መድን ሰጪው ለባለቤቱ ከከፈለ በኋላ በእሱ እግር ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። በእኛም የ1952ቱ ንግድ ሕግ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ጠበቆቹ ዳረጎት ይሉታል። አንዳንድ ፖሊሲ ግን የተፈቀደለትን አብራሪ እንደ መድን ገቢው ስለሚቆጥረው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካላጠፋ ወደ እሱ አይዞርም። እኔ ያስቸገርኳቸው እዚች ላይ ነው። ተከራዩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? በቃል "አይዞህ፣ ችግር የለም" አሉኝ። በጽሑፍ አልኩ። ኢሜይሉ ብዙ ተመላለሰ። እህቴ ሳትቀር "ኧረ ልቀቃቸው፣ ያባርሩሃል" አለችኝ። አልለቀቅኩም። በመጨረሻ ከመድን ሰጪያቸው የመጣውን አንቀጽ ላኩልኝ። የተፈቀደለት አብራሪ ተካቷል ይላል፣ ከዚያ ግን "ሕጋዊ ፈቃድና ብቃት ካለው" የሚል ጅራት አለው።

እዚች ጅራት ላይ እንደ እኔ ከሩቅ የምትመላለሱ ሁሉ ቆም በሉ። የአውሮፓ የግላይደር ፈቃድ ራሱ ጊዜው አያልፍበትም፤ የምትጠቀሙበት መብት ግን ይቆማል። ባለፉት 24 ወራት ውስጥ ቢያንስ 5 ሰዓት መብረር፣ 15 ጊዜ መነሳትና ከአስተማሪ ጋር 2 የልምምድ በረራ ማድረግ አለባችሁ። በዊንች፣ ማለትም መሬት ላይ ቆሞ ግላይደሩን በገመድ በሚስብ ሞተር፣ የምትነሱ ከሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ 5 የዊንች መነሳት፣ በአውሮፕላን ተጎትታችሁ ከሆነ ደግሞ ለብቻው 5። ሰው ለመጫን በ90 ቀን ውስጥ 3 መነሳት። ሜዲካሉም፣ ማለትም የጤና ምርመራ ወረቀቱም አለ። አንዱ ጎድሎ ከበረራችሁ የበረራ ሕግ መጣስ ብቻ አይደለም፤ ሽፋኑ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚኖር ሰው በየቅዳሜው ስለሚበር ይህን ሳያስበው ያሟላዋል። እኔ ገና ቦሌ ሳልደርስ ሎግቡኬን፣ ማለትም የበረራ መዝገቤን አውጥቼ እቆጥራለሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የርክክቡ ቀን ነው። ክለቡ ውስጥ ለዕቃው ኃላፊ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። የካ 8ን ካኖፒ፣ ማለትም ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን መስታወት መሰል ክዳን ከፈቱ። በግራ እጃቸው ጠርዙን ይዘው በቀኛቸው ውሉ ላይ አንዱን መስመር አሳዩኝ። ነፋስ ባለበት ካኖፒውን ክፍት ትቶ የሄደ ተከራይ ይጠየቃል። ከዚያ "በዚች ትንሽ መስኮት ይዘህ እንዳታነሳው፣ የሚሰነጠቀው ከዚህ ነው" አሉኝና ጣታቸውን መስኮቷ ጥግ ላይ አኖሩ። እዚያ አንድ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የቆየ ስንጥቅ እንዳይሮጥ ጫፉ ላይ የበሱት ነው። አዲስ ካኖፒ ከኤክሰሱ በላይ ያወጣል። እንግዲህ አየር ላይ ስለሚመጣ አደጋ ስንጨነቅ ተከራይን የሚያስከፍለው ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ነው፤ ካኖፒ፣ ከሃንጋር በር ጋር የሚጋጭ የክንፍ ጫፍ። ስለዚህ ፖሊሲው የመሬት ላይ ጉዳትንና በተጎታች መጓጓዝን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ።

አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እዚያ ተከራዩ ለራሱ ፖሊሲ መግዛት ይችላል፤ ኃላፊነቱንም፣ በተከራየው አውሮፕላን ላይ የሚደርሰውን ጉዳትም እስከመረጠው መጠን ይሸፍንለታል። ለእኔ ይሄኛው ይሻላል። ስሜ ያለበት ወረቀት እወዳለሁ።

የቀረው የራስ አካል ነው። ለሸንገን ቪዛ የምንገዛው የ30,000 ዩሮ የጉዞ መድን አለ አይደል? ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ ቢሮ ገብቼ ስጠይቅ ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት። "ጋሼ፣ እንደ ተሳፋሪ ነው?" አለችኝ። እንደ አብራሪ አልኳት። ወረቀቱን ገልብጣ ደቃቃውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና "ይቅርታ ጋሼ፣ ቲኬት ቆርጠው ካልተሳፈሩ አይሸፍንም" አለች። ጎበዝ ልጅ፤ ብዙዎቹ ሳያነቡ ይሸጡላችኋል። ለአብራሪ የሚሆነውን የአደጋ መድን ለብቻው በክለቡ በኩል ገዛሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ካ 8ን የመረጥኩት ፍቅር ይዞኝ አይደለም። ከአዲሶቹ ጋር ስትወዳደር ቶሎ ትወርዳለች፣ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባት ቆማ ትቀራለች። ከፋይበር የተሠሩት የአዲሶቹ ግላይደሮች ኤክሰስ ከእሷ ስለሚበልጥ ነው። ተርማል ውስጥ እየዞርኩም ሒሳቡ ከጭንቅላቴ አልጠፋም፤ ከዚህ ፍርሃት እንዴት እንደሚወጣ የምታውቁ ምከሩኝ። እስከዚያው ታኅሣሥ ላይ ደቡብ አፍሪካ ለመብረር ያሰባችሁ ካላችሁ የኪራይ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ላኩልኝ፣ አብረን እናንብበው።