ሳብዉፈርና ስፒከርን በኪቦርዱ ራሱ ማስማማት

በመድረክ ላይ ለኪቦርድ የምጠቀመው ሁለት አክቲቭ (ማጉያው በውስጡ ያለ) ስፒከርና አንድ አክቲቭ ሳብዉፈር (ዝቅተኛውን የቤዝ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ነው። ከኪቦርዱ ግራና ቀኝ መውጫ በጃክ ኬብል ወደ ዲአይ ቦክስ (የኪቦርዱን ድምፅ ጫጫታ ወደሚቋቋም መስመር የሚቀይር ሣጥን)፣ ከዚያ በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ ኬብል) ወደ ሳብዉፈሩ፣ ከሳብዉፈሩ ወደ ስፒከሮቹ እዘረጋለሁ። ተራ የጃክ ኬብል በረዘመ ቁጥር ጫጫታ ስለሚሰበስብ ዲአይ ቦክሱን አልዘለውም። እምም የሚል ድምፅ ከመጣ የዲአዩ ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ የሚያቋርጥ ማብሪያ) ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። የኤሌክትሪክ ገመዱን ግራውንድ መንቀል ግን ሰው ይገድላል፤ በፍጹም አይሞከርም።

የሳብዉፈሩን መውጫ ልብ በሉ። አንዳንዱ የገባውን እንዳለ ያሳልፋል፤ እኔ የምፈልገው ከ100 ኸርዝ (በሴኮንድ 100 ንዝረት) በታች ያለውን ቀንሶ የሚያሳልፈውን ነው። አለበለዚያ ስፒከሮቹም ያንኑ ቤዝ ይደግሙታል፣ ድምፁም ይደፈርሳል።

ዋናው ሥራ ሳብዉፈሩና ስፒከሮቹ የሚገናኙበት 100 ኸርዝ አካባቢ ላይ ነው፤ ለእኔ ከሳብዉፈሩ ጉልበት ይልቅ ይህ ይበልጣል። ለመፈተሽ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። በባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ትራንስፖዝና ኦክታቭ (የቁልፎቹን ኖታ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ማስተካከያዎች) ዜሮ ላይ ሆነው፣ ከግራ አምስተኛው ነጭ ቁልፍ፣ ሶል፣ 98 ኸርዝ ነው። የኦርጋን ድምፅ መርጬ ባለ 8 ጫማውን ድሮባር (የቁልፉን የራሱን ኖታ የሚያሰማውን የኦርጋን ተንሸራታች) ብቻ አስቀርና ቁልፉን ተጭኖ የሚያቆይልኝ ሰው አቆማለሁ። አድማጭ የሚቆምበት ቦታ ሆኜ የሳብዉፈሩን የፖላሪቲ ማብሪያ (ሞገዱን የሚገለብጠውን) በ0 እና በ180 አስቀይሬ እሰማለሁ፤ ጎልቶ የተሰማው ትክክለኛው ነው። በሌላው ጊዜ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ይጠፋፋሉ። በሁለቱም ልዩነት ከሌለ ሳብዉፈሩን 85 ሴንቲሜትር ያህል ወደ አድማጩ ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሳለሁ፤ የ100 ኸርዝ ሞገድ 3.4 ሜትር ስለሆነ ይህ ሩቡ ነው።

ቀጥሎ ከታችኛው ዶ ጀምሬ በተመሳሳይ ጉልበት ቁልፍ በቁልፍ እወጣለሁ። የሚያጓራ ቁልፍ ካለ በኢኳላይዘር ይቀነሳል። የጠፋ ቁልፍ ግን በኢኳላይዘር አይመለስም፤ ቦታ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ቤዙን ያጎላዋል፣ አለመመጣጠኑንም ያባብሰዋል።

አንድ ስፒከር ብቻ ካለ ጃኩን ግራ/ሞኖ ላይ ብቻ ሰኩ፤ የስቴሪዮ ፒያኖን ሁለት መስመር በሚክሰር ማደባለቅ ድምፁን ያሳሳዋል። ቤዝ ጊታር ሲኖር ደግሞ የኪቦርዱን መስመር ከ100 ኸርዝ በታች እቆርጣለሁ፣ ግራ እጄንም አቀልላለሁ።

ሲከፈት ስፒከርና ሳብዉፈር በመጨረሻ፣ ሲዘጋ ደግሞ በመጀመሪያ።