ያልነበረኝ ቀይ ሳይክል

አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ ስፒኪንግ፣ ማለትም ንግግሩ ላይ፣ 5.5 አመጣሁ። የሚፈለግብኝ 6.5 ነበር። ንባቡም፣ ጽሑፉም፣ ማዳመጡም አልፈዋል። የጣለኝ ሳይክል ነው። በልጅነቴም ብዙ ጊዜ ጥሎኛል፤ ያኔ ግን የተላጠው ጉልበቴ እንጂ ኪሴ አልነበረም።

ለማታውቁት፣ የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ የፊት ለፊት ወሬ ነው። መጀመሪያ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ሥራችሁ፣ ስለ ልጅነታችሁ ቀለል ያለ ጥያቄ ትጠየቃላችሁ። ቀጥሎ ካርድ ይሰጣችሁና አንድ ደቂቃ አስባችሁ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ብቻችሁን ታወራላችሁ። መጨረሻ ላይ ከዚያው ርዕስ ጠለቅ ያለ ጥያቄ ይመጣል። የኔ ካርድ በልጅነትህ ስለምትወደው ዕቃ ተናገር ይላል። በሆዴ «ተገላገልኩ» አልኩ። ምክንያቱም ከዩቲዩብ ያገኘሁትን መልስ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። አባቴ ለሰባት ዓመት ልደቴ ቀይ ሳይክል ገዛልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻ ውስጥ አብረን እንነዳ ነበር፣ ምናምን።

አባቴ ሳይክል ገዝቶልኝ አያውቅም። ልደቴም ተከብሮ አያውቅም።

አርባ ሰከንድ ያህል እንደ ውሃ ፈሰሰልኝ። መናፈሻው ጋ ስደርስ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ብን ብሎ ጠፋ። ስፈልገው ስፈልገው «ማይ... እንትን» አልኩ። እውነቴን ነው፣ እንትን አልኩ። ፈታኟ ቀና ብላ አየችኝና ትንሽ ጠብቃ መንዳት ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀች። ይሄ ሽምደዳው ውስጥ የለም። «ማይ ፋዘር» ብዬ ጭጭ። አባቴ ሳይክል መንዳት ራሱ ይችል እንደሆን አላውቅም እኮ!

ውጤቱን ካየሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አኮረፍኩ። ከዚያ ባህር ዳር እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሳይክል የለመድኩት መቼ ነው?»

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«ለፈተና ነው።»

«የሳይክል ፈተናም አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ሁለተኛ ክፍል ሆነህ ነው። ጉልበትህ ተልጦ እየደማህ መጥተህ፣ ቡና ነስንሼ አላሰርኩልህም?»

ቡናው! ረስቼው ነበር። እሱ ሲመጣ ሌላውም ተከታትሎ መጣ። እኛ ሰፈር ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ ነበር፣ ጋሼ ነው የምንለው። አንድ ዙር 25 ሳንቲም። ከእሱ በር ተነስቶ ዋርካውን ዞሮ መመለስ ነው። ሳይክሎቹ የትልቅ ሰው ናቸው፣ ሴላው ላይ ከተቀመጥን እግራችን ፔዳል አይደርስም። ስለዚህ ቀኝ እግራችንን በመሃለኛው ብረት ሥር አሾልከን፣ ሰውነታችን ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥሎ፣ እንደ ሸርጣን ነበር የምንነዳው። ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ማቆም ሲያስፈልግ በጫማችን ሶል ጎማውን መርገጥ ነው። ካቴናው በየዙሩ ይወልቃል፣ እሱን ስንመልስ እጃችን በግራሶ ይጠቁራል፣ ከዚያ ዩኒፎርማችን ላይ እንጠርገዋለን፣ ማታ ቤት ውስጥ የሚጠብቀንን እናንተው ገምቱት።

ይሄን ሁሉ ይዤ ነው ስለ ቀይ ሳይክልና ስለ መናፈሻ የቀባጠርኩት።

አንድ ነገር ላንሳ። ፈታኞቹ እውነት መናገራችሁን አያጣሩም። ማርኩ ለአራት ነገር እኩል ይከፋፈላል፦ ንግግራችሁ ሳይቆራረጥ ተያይዞ ለመሄዱ፣ ለቃላት፣ ለሰዋስው እና ለድምፅ አወጣጥ። እውነት ለመናገር የተመደበ ማርክ የለም። ውሸት የሚሳካለት ሰው ይዋሽ። እኔ ግን በእንግሊዝኛ እየተናገርኩ በዚያው ደቂቃ ውሸት መፍጠር አልችልም፣ ሁለት ሥራ ነው። የሆነውን ሳወራ ቢያንስ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ የቀረኝ ቃሉን መፈለግ ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኬ ላይ መቅዳት ጀመርኩ። አንድ ደቂቃ ማሰቢያ፣ ሁለት ደቂቃ ወሬ፣ ከዚያ ራስን ማዳመጥ። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፣ ግን መድኃኒቱ እሱ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ስህተት «ድራይቭ» ማለቴን ነው። አማርኛ መኪናውንም፣ ሳይክሉንም፣ አህያውንም ይነዳል። እንግሊዝኛ ሳይክልን ከፈረስ ጋር ነው የመደበው፣ «ራይድ» ይላል። ሁለተኛው ይባስ፦ «ባይሳይክል» እያልኩ ኖሬያለሁ። እኛ ሳይክል ስለምንል ፊቱ ላይ «ባይ» የጨመርን ይመስለናል። ትክክሉ «ባይሲክል» ነው። ካቃታችሁ «ባይክ» ብላችሁ እለፉ፣ ማንም አይቀየማችሁም።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን «ነበር» ነው። «እነዳ ነበር» የሚለውን ቃል በቃል ሳዞረው «አይ ዋዝ ራይድ» ይወጣል። በቅጂው ውስጥ ብቆጥረው በሁለት ደቂቃ ዘጠኝ ጊዜ ብዬዋለሁ። መፍትሔ ያገኘሁት መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የድሮ ልማድ የሚነገርበትን «ዩዝድ ቱ» ብዬ ጊዜውን ካስያዝኩ በኋላ ቀሪውን በተራ ያለፈ ጊዜ በመተረክ ነው። ነበር፣ ነበር፣ ነበር ማለት ቀረልኝ።

የሚገርመው ደግሞ ዕቃዎቹ ናቸው። ካቴና፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ። ከእንግሊዝኛ የመጡ ይመስሉኝ ነበር፣ ለካ ጣልያንኛ ናቸው! ካላማዳሪን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም ነበር፣ «ጎማው ውስጥ ያለው አየር የሚይዘው ላስቲክ» ብዬ አስረዳሁት። እንደዚህ ዞሮ ማስረዳት ራሱ ያስመሰግናል። ዝም ማለት ነው የሚጎዳው።

ማታ ማታ የቤት ደባሌ ፈታኝ ይሆንልኛል። ስድስት ሳምንት፣ በቀን ሃያ ደቂቃ። እሱ ካርድ ይቀያይራል፣ እኔ ያንኑ ታሪክ ከሌላ በር እገባበታለሁ። የተጎዳህበት ቀን ሲለኝ ከጉልበቴና ከቡናው እጀምራለሁ። የምታደንቀው ጎረቤት ሲለኝ ከጋሼ። የተዋስከው ዕቃ ሲለኝ ከ25 ሳንቲሙ። ሆን ብዬ በአንድ ዓይነት አፍ አልጀምርም፣ አለበለዚያ እሱም ሌላ ሽምደዳ ይሆናል። ልጆች አሁን ለምን ሳይክል አይነዱም ብሎ ሲያፋጥጠኝ ስለ ባህር ዳር አወራለታለሁ፣ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ፈረቃ ሲለቁ መንገዱ በሳይክል ይሞላ እንደነበር፣ በኋላ ባጃጅ መጥቶ መንገዱን እንደወረሰው። ደባሌ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ቀንቶ እስኪያስቆመኝ ድረስ አወራለታለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ስለ ሳይክል አንድም አልጠየቁኝም። ካርዱ አንድ ነገር ያስተማረህ በዕድሜ የሚበልጥህ ሰው ይላል። ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ ጋሼ፣ ዋርካ፣ ጫማ። ሳይክሉን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ እንደለቀቀኝ ሳይነግረኝ የለቀቀኝ እሱ ነው። እሱን ሳወራ ፈታኙ እጁን አንስቶ እስኪያስቆመኝ ድረስ ሰዓቱን ረስቼዋለሁ። አንድ ሁለት ቦታ ሰዋስው ሰብሬያለሁ፣ «ዋዝ ራይድ»ም አንዴ አምልጣኛለች። 7 መጣ።

ለእማዬ ደወልኩላት። «ስለ ሳይክሉ ጠየቁህ?» አለችኝ። አልጠየቁኝም አልኳት።

«ታዲያ ያን ቀን ምን ያስለፈልፈኛል፣ ሽሮዬ እስኪያር!»