ከብት ከልክለን ሰው ልናስረግጥ ነው እንዴ?

ሥራዬ ወፍ ማሳየት ነው። ከውጭ የሚመጡት ብዙዎቹ ዝርዝር ይዘው ነው የሚመጡት፣ ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ከዝርዝሩ አናት የማትጠፋው ነጭ ክንፏ የረግረግ ወፍ ናት። ሳይንሱ ሳሮትሩራ አይሬሲ ይላታል። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። በዓለም ላይ ስትራባ የታወቀው ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። እኛ ጋ ዋናው ቤቷ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ እንግዳ ይዤ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። ከአካባቢው ጠባቂ ጋር ቀስ እያልን ስንሄድ ከእግራችን ሥር ብድግ አለች። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ እግሯ ተንጠልጥሎ፣ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ቦግ ብሎ፣ ትንሽ እልፍ ብላ ሳሩ ውስጥ ጥልቅ። ከዚያ በኋላ አትበርም፣ በሳሩ ሥር በእግሯ ትሹለከለካለች እንጂ፤ ቆመህ ብትውል አታያትም።

የእንግዳው ካሜራ አልደረሰም። እንደገና እናስነሳት አለ። የላከኝ ድርጅት ኃላፊም በስልክ «ሰውዬው እኮ ከፍሏል» አለኝ። ለጠባቂው ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን እንቁላል ላይ ናት» አሉኝ። «ከብት ከልክለን ሰው ልናስረግጥ ነው እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህ ሳር የአካባቢው ገበሬዎች ግጦሽ ነው፣ ድርቆሹም ከዚሁ ነው የሚታጨደው። ወፏ የምትፈለፍለው ግን ሳሩ ውሃ ውስጥ በሚያድግበት በዚያው ሰሞን ነው፣ ጎጆዋም ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ የከብት ኮቴ ካረፈበት አለቀ። ለዚህ ሲሉ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ከብታቸውን ያርቃሉ። ላም ላለው ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም የጥበቃ ሕግ አስበልጬ ነው የማየው።

ለእንግዳው ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ዝም አለ፣ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ስለ ከብቶቹ ይጠይቃቸው ጀመር። መንገዱ ላይ ቆመን ረጅም ሰዓት አወራን።

አሁን ገና ቀጠሮ ሳንይዝ ነው የምናገረው፦ አንዴ ከተነሳች ሁለተኛ አናስነሳትም፣ ፎቶም ቃል አልገባም። በዚህ የተነሳ የቀሩ ደንበኞች አሉ። ይቅሩ።