ገበያው ከመነሳቱ አንድ ቀን በፊት

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2020 የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ የፍርሃት መለኪያ የሚባለው ቪክስ 82.69 ላይ ዘጋ። ከዚያ በፊት እንዲህ ከፍ ብሎ ዘግቶ አያውቅም። እኔም “መግባት ሰው ሁሉ ሲሸሽ ነው” ብዬ በማግስቱ፣ ገበያው በተከፈተ በሦስተኛው ደቂቃ፣ የፓምፕ መለዋወጫ ከሚያመርት አንድ ትንሽ ኩባንያ 1,000 አክሲዮን እንዲገዛልኝ አዘዝኩ። “ከዚህ በላይ አትግዙ” የሚል የዋጋ ገደብ አላስቀመጥኩም፤ ቸኩዬ ነበር።

የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመው በ4.20 ዶላር እንደሆነ ስክሪኑ ያሳያል። ታዲያ በዚያ ዋጋ የሚሸጥልኝ ማን ነው? 200ውን በ4.35፣ 300ውን በ4.60፣ የቀረውን 500 በ4.80 ሸጡልኝ። አማካዩ 4.65 መጣ። በዚያችው ቅጽበት መልሼ ልሽጥ ብል ደግሞ ከሁሉም የተሻለው ገዢ የሚሰጠው 4.05 ነበር። ገበያው ንቅንቅ ሳይል 600 ዶላር፣ 13 በመቶ ያህል፣ ከስሬያለሁ ማለት ነው። በትልልቆቹ ኩባንያዎች አክሲዮን ይህ በገዢና በሻጭ ዋጋ መካከል ያለ ልዩነት በአዘቦት ቀን የሳንቲም ጉዳይ ነው። በትንንሾቹ ግን ገበያው ሲናወጥ ገዢና ሻጭ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ይራራቃሉ።

የሚያበሽቀኝ፣ ቀኑን አለመሳቴ ነው። የትንንሽ ኩባንያዎች ዋና መለኪያ የሆነው ራስል 2000 ከፌብሩዋሪ ወዲህ ከ40 በመቶ በላይ ወርዶ፣ እኔ በገዛሁ ማግስት፣ ማርች 18 ላይ መውረዱን አቆመ። የትልልቆቹ መለኪያ ኤስ ኤንድ ፒ 500 እንኳ እስከ ማርች 23 ድረስ መውረዱን ቀጥሏል። ኖቬምበር ላይ ራስል 2000 አዲስ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ የእኔው ኩባንያ ከ3 ዶላር በታች ይንከላወስ ነበር። የብድሩ መክፈያ ጊዜ ደርሶበት፣ ባንኩም ለማራዘም እምቢ ስላለው፣ ጁላይ ላይ አዳዲስ አክሲዮኖችን በርካሽ ሸጦ ነበር፤ የነባሮቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻ አብሮ ቀጠነ። የመክፈያው ቀንም ሆነ በካዝናው ያለው ጥሬ ገንዘብ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። ቪክስን ግን በየአሥር ደቂቃው አየው ነበር።

አሁን ከዋጋው በፊት የብድሩን ገጽ እከፍታለሁ። ኩባንያው አዲስ ሳይበደር ሁለት ዓመት መቆየት የማይችል ከሆነ የቱንም ያህል ቢረክስ አልነካውም። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በገዢና በሻጭ መካከል ያለውን ክፍተት ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፤ እየጠበበ ሲመጣ ገደብ አስቀምጬ፣ ከሦስት ከፍዬ እገዛለሁ። ዋጋው ከዝቅተኛው 10 በመቶ ከፍ ብሎ ቢገኝም ግድ የለኝም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ደግሞ ለቸኮሉት ትቻለሁ።

ዛሬ አንዱን አክሲዮን እየጠበቅኩ ነው። ሻጮች 7.60 ይላሉ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ገዢ 7.10 ይላል። የእኔ 7.25 መሃል ላይ ተቀምጧል። ከትናንት ጀምሮ ወደ እሱ የመጣ የለም።