የሚያበራው ቆርቆሮ ለምን ያፈስ ነበር?

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። የኋላው ክፍል በሦስት ጎኑ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለተጣበቀ መስኮት የለውም። ለዚህ ነው ጣሪያው ሲመታ መሀሉ ላይ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ የገባው። እማዬ ጥጥ የምትፈትለው እዚያ ነው። ብርሃኑን ትወደዋለች።

ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ የኖረበት ያውቀዋል። ከሐይቁ በኩል ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ዝናቡ በጎን ይመጣል። ሁለት ክረምት በሳፋ አሳለፍን።

በመጀመሪያው ክረምት መሰላል ይዤ ወጣሁና ክፍተቱን ለመድፈን ሁለት ቱቦ ሲልከን ጨረስኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል ጸጥ አለ። ከዚያ እንደገና ጠብ፣ ጠብ። በሁለተኛው ክረምት ሬንጅ ጨመርኩበት። ባሰ እንጂ አልተሻለም። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ከብረት በጣም አብልጦ ይለጠጣል፤ ማታ ይሰበሰባል። መሀላቸው የተለጠፈው ነገር በየቀኑ ሲጎተት ይላቀቃል። ሲልከኑን በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነስቶ መጣ።

ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ አንድ አናጢ ጠራሁ። «ሲልከን እንዳትገዛ፣ የውሃ ጎማ አምጣ» አለኝ። እኔ ጣሪያ ላይ ጎማውን ይዤ፣ እሱ ከውስጥ ኮርኒሱን ከፍቶ በባትሪ እያየ ፍተሻ ጀመርን። ውሃውን የምንለቀው ከታች ወደ ላይ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል። ከላይ ከጀመሩ ሁሉም ስለሚረጥብ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም። የታችኛው ጠርዝ ደህና ነው። ጎኖቹም ደህና ናቸው። ላይኛው ጠርዝ ጋ ስንደርስ «አቁም!» ብሎ ጮኸ።

ወርጄ አየሁት። ጠብታዋ የቆርቆሮውን ሆድ ይዛ ትንሸራተታለች። ሞራሌው ጋ፣ ማለትም ቆርቆሮው የተመታበት አግዳሚ እንጨት ጋ ስትደርስ ትታጠፋለች። ሞራሌውን ይዛ አንድ ሜትር ያህል ተጉዛ ልክ የእማዬ ወንበር ላይ ጠብ ትላለች። እኔ ሲልከኑን በብዛት ያፈሰስኩት ከወንበሩ ትይዩ ነበር።

የፕላስቲኩ አናት ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት ሲገባው ላዩ ላይ ተቀምጧል። ከላይ የሚመጣው ውሃ በቀጥታ ሥሩ ይገባል። የታችኛው መነባበሪያም 10 ሴንቲ ብቻ ነበር። ጣሪያው ደግሞ ለጥ ያለ ነው፤ በውሃ ልክ ስንለካው በ1 ሜትር የሚወርደው 8 ሴንቲ ነው። እንዲህ ባለ ጣሪያ ላይ ውሃ አይሮጥም። ንፋስ ከገፋው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በሁለት ቆርቆሮ መሀል ያለ ቀጭን ክፍተትም ይስበዋል።

አሮጌው ፕላስቲክ ምስማሩ ዙሪያ ተሰነጣጥቋል፤ ርዝመቱም አይበቃም። የኢጋውን፣ ማለትም የብረት ቆርቆሮውን ቁራጭ ይዤ ገበያ ሄጄ ሞገዱ ልክ የሚገጥመውን፣ ረዘም ያለውን ገዛሁ። ይህን አለመዝለል ነው፤ ሞገዱ ትንሽ ከተለያየ ክፍተቱን ምንም አይደፍነውም። አናቱን ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር አስገባነው፣ ግርጌውን ከታችኛው ላይ አሳረፍነው። መነባበሪያውን በሁለቱም በኩል 30 ሴንቲ አደረግነው፤ መሀሉ ላይ የማይደርቅ የሚያጣብቅ ጥብጣብ ገባ። ቀዳዳውን ውሃ በሚወርድበት ሳይሆን በሞገዱ ጀርባ ላይ፣ በትራፓኖ (በመብሻ ማሽን) ከብሎኑ ሰፋ አድርገን በሳነው፤ ፕላስቲኩ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል። ብሎኑን ስናጠብቅም ከራሱ ሥር ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ እንዳይጨፈለቅ ተጠነቀቅን። እባካችሁ ፕላስቲኩን አትርገጡት። ሰው ይዞ ይወድቃል። እኛ ሞራሌ ላይ ያረፈ ጣውላ ዘርግተን ነው የሠራነው።

አንዳንድ ጠዋት ፕላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ይይዛል። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ሌሊቱን ሳይዘንብ የታየ ጠብታ ግን ፍሳሽ አይደለም፤ የክፍሉ እርጥበት ነው። ግድግዳው አናት ላይ አየር ማስወጫ ከፈትን፣ ቀነሰ። ግንቦት ላይ ደግሞ ወጥቼ ከፕላስቲኩ በላይ የተከመረውን የጎረቤት ማንጎ ቅጠል እጠርጋለሁ።

እማዬ ወንበሯን ወደ ድሮው ቦታ የመለሰችው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ሳፋው ግን እስከ መስቀል ድረስ አልጋው ሥር ነበር።