የዓሣ ጉበትና የማይታየው ጨረር

የማስተርስ ሥራዬ ኢንፍራሬድ ሌዘር ነው። ሌዘሩ ህብረ ህዋስን ነጥብ በነጥብ ይበሳል፤ የሚወጣው ትነት ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ወደሚለየው መሣሪያ፣ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባል፤ ነጥቦቹ ሲገጣጠሙ የትኛው ስብ ወይም መድኃኒት የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። እኔ ጋ ስፔክትሮሜትር ስላልነበረ የሌዘሩን በኩል ብቻ ያዝኩ፤ ንጹሕ ቀዳዳ መሥራት።

ማልዲ በሚባለው የተለመደ የሌዘር ዘዴ ናሙናው ላይ ጨረር የሚውጥ ኬሚካል ይቀባል። የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 2.94 ማይክሮሜትር ሲሆን ግን ያንን ሥራ ውሃ ይሠራዋል። ጨረሩ ውሃ ውስጥ 1 ማይክሮሜትር ገደማ እንደገባ አብዛኛው ጉልበቱ ያልቃል። ህብረ ህዋስ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ይሄ ነገር ዛሬም ይገርመኛል።

በዚህ ሞገድ የሚሠራው ኤርቢየም ያግ ሌዘር ለቆዳና ለጥርስ ሕክምና ይውላል። ሐዋሳ ውስጥ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ከሥራ ሰዓት ውጪ አስጠቀመኝ። ናሙናው ከአሞራ ገደል፣ ከከተማዋ የዓሣ ገበያ ነው። ዓሣ የሚያጸዱት እናት «ጉበቱን ብቻ? ምን ልታደርገው ነው ልጄ?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ትኩስ ትኩሱን ለይተው ያስቀምጡልኝ ጀመር።

ጨረሩን ዓይን አያየውም፣ የስልክ ካሜራም አያየውም። ያገኘሁት በሱፐርማርኬት ደረሰኝ ነው። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። ሌንሱን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ጥቁሯ ነጥብ በጣም የምታንስበትን ቦታ ያዝኩ። የዓይን መከላከያ መነጽሩ ለዚሁ ሞገድ የተሠራ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ዋናው ጣጣ እርጥበት ነው። ቁራጩ ትኩስ ሲሆን የቀዳዳው ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ ይታያል። ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ከደረቀ ያው ጉልበት ዳር ዳሩን ያሳርረዋል። የክሊኒክ ሌዘር ምቱ ረዘም ስለሚል ሙቀቱ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ለምስል ሥራ የሚመረጡት በናኖሰከንድ የሚተኩሱት ናቸው። ጉልበት መጨመር ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። የረዳኝ በረዶ ነው። ስላይዱን ከፍሪዘር በወጣ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ሳስቀምጠው የክፍሉ አየር ስስ አመዳይ ይጋግርበታል። አይአር ማልዴሲ በሚባለው የኢንፍራሬድ ሌዘር ዘዴም ናሙናው ላይ በረዶ ያጋግሩበታል። አመዳዩ ከወፈረ ግን ሌዘሩ በረዶውን ብቻ በልቶ ጉበቱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ገና ነጣ ሲል ነው መተኮስ።

አንድ ገደብ አለ። ሞገዱ ማልዲ ላይ ከለመድነው 337 ናኖሜትር ወደ 9 እጥፍ ይረዝማል፤ ነጥቡን እንደዚያ ማጥበብ ይከብዳል።

መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ የካልሲየም ፍሎራይድ ሌንስ እዘዙ። ተራ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም፣ ሌንሱም ቶሎ አይደርስም።