ቤትህ ያጥራል፦ በኩታበር ደጋ የግንድ ቤት እንዴት እንደሠራሁ

የግንድ ቤት ምኞት ያደረብኝ ይምርሐነ ክርስቶስን ባየሁ ቀን ነው። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዋሻ ውስጥ የቆመው ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ከዛግዌ ዘመን ጀምሮ እንጨቱ አለ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ስመለስ አንድ ነገር ልብ አላልሁም ነበር፤ ያ እንጨት ዝናብ አያውቅም። የእኔ ቤት ግን የሚቆመው ወሎ፣ ኩታበር ውስጥ፣ ከአባቴ በወረስሁት ገላጣ ተረተር ላይ ነው።

አባቴ ቦታውን ባሕር ዛፍ አልብሶት ስለነበር በእሱ ለመጀመር ቸኮልሁ። ቆርጬ፣ ቅርፊቱን ልጬ ፀሐይ ላይ አጋደምሁት። ሳምንት ሳይሞላው ሌሊት ሌሊት ሲሰነጠቅ ይሰማኝ ጀመር፤ ግማሹም እንደ ገመድ ተጠማዘዘ። ያ እንጨት ለወራጅና ለማገር ሆነኝ፤ ተጋድሞ ለሚደረደር ግድግዳ ግን አልሆነም። የሐበሻ ጽድ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ሆኖም አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ ቢፈቀድልኝም በቀረችው ጥቂት ጽድ ላይ መጥረቢያ ለማንሳት ልቤ እሺ አላለኝም። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጡ የጽድ ምሰሶዎች ገዝቼ ለታችኛው ረድፍ አደረግኋቸው። ለቀረው የፈረንጅ ጽድ አስመጣሁ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ለመጥረቢያም ይታዘዛል።

ግንዱ በጥር ደረሰ። በማግስቱ መደርደር ልንጀምር ስንል ሽማግሌው አናጢያችን መሮአቸውን አንዱ ግንድ ውስጥ መትተው አወጡትና ስለቱን ጣቴ ላይ አስነኩኝ። እርጥብ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ገና ውሃውን አልጨረሰም። አሁን ብትደረድረው ቤትህ ያጥራል።»

«ምን ያህል ልጠብቅ፣ አባባ?»

«ክረምት ይለፍበት።»

እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ውፍረቱ ግን ይቀንሳል። የእኔ ግድግዳ 12 ግንድ ተደራርቦበታል። እያንዳንዱ ግማሽ ጣት ቢቀጥን ጣሪያዬ ስድስት ጣት ይወርዳል ማለት ነው። በዚያ ላይ የወሎ ደጋ በልግ አለው፤ በጋ ነው ብለህ ስታሰጣ በየካቲትና በመጋቢት ዝናቡ ይመጣብሃል። ስለዚህ ግንዶቹን ከመሬት አንሥተን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። በየረድፉ መካከል ነፋስ እንዲገባ ቀጭን እንጨት አጋደምን፤ ከላይ ቆርቆሮ አለበስናቸው፤ ጎናቸውን ክፍት ተውን። ጫፍ ጫፋቸውን በእበት መረግነው፤ እንጨት ቶሎ የሚደርቀውም የሚሰነጠቀውም በጫፉ በኩል ነውና። እንዲህ 12 ወር ቆዩ። ሥራውን እንደገና ጀምር ብባል ከእነዚያ ወራት አንዲት ቀን አልቀንስም።

ሲደርስ ሰፈሩ በደቦ ወጣ። ሽማግሌዎች ዱዓ አደረጉ፣ ጠላ ለሚጠጣው ጠላ፣ ለማይጠጣው ቅሪቦ ቀረበ፤ ግንዱን በገመድ እየጎተቱ ግድግዳ ላይ ያወጡልኝ እነሱ ናቸው። መሠረቱ 70 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ ነው። የጣሪያውን ክፈፍ አንድ ሜትር ወደ ውጭ አስወጣሁት፤ ዋሻ ባይኖረኝ ለግድግዳዬ ጥላ ልሠራለት ብዬ።

የመጀመሪያውን መስኮት ሽማግሌው በሌሉበት ቀን ራሴ ገጠምሁት። ክፈፉን ከላይም ከታችም ከግንዱ ጋር አጥብቄ ቸነከርሁት። በዓመቱ ግድግዳው ሲወርድ ክፈፉ ጎበጠ፣ መስታወቱም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተሰነጠቀ። በቀሩት መስኮቶችና በበሩ ግን ከክፈፋቸው አናት በላይ አምስት አምስት ጣት ክፍተት ትተን የበግ ጸጉር ጠቀጠቅንበት። ፊቱን በጣውላ ሸፈንነው፤ ጣውላው የተመታው ከላይኛው ግንድ ጋር ብቻ ስለሆነ አብሮት ይወርዳል።

በግንዶቹ መካከል መጀመሪያ የመረግነው ጭድ ያለው ጭቃ ግንዱ ሲቀጥን እየተላቀቀ ረገፈ። ከዚያ ወዲያ ባና ከሚሠሩ ሰዎች የተረፈ ጸጉር ገዛሁ፤ እንደ ገመድ እያከረርን በደነዘ ሽብልቅ ሰገሰግነው። ለብርድ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ውጭውን የቀባሁት በተልባ ዘይት ነው፤ እንጨቱ የማር መልክ ይዞ ቀረ። ይህን የምታደርጉ ግን አንድ ነገር አደራ። የቀባሁበትን ጨርቅ ጠቅልዬ ጥግ ላይ ጥዬው ነበር። ማታ የሆነ ነገር ሸተተኝ፤ ባነሳው መካከሉ እጅ ያቃጥላል፣ ጭስ ጀምሯል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እሳት ይሆናል። ጨርቁን አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። በዚያች ሌሊት ተኝቼ ቢሆን ኖሮ የዓመታት ድካሜ አመድ ነበር።

ባለፈው መስከረም ሽማግሌው ቡና ሊጠጡ መጡ። ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ያለውን ጣውላ አስነሡኝና ጣታቸውን ወደ ክፍተቱ ሰደዱ። ከአምስቱ ጣት የቀረው ሁለት ነው።

«አሁንም አልጨረሰም» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።